ለመጣል የታተመ ወረቀት
የእንግሊዝ የልጆች ሥዕል ጋዜጦችንና የዓመት መጻሕፍትን ስለ መሰብሰብ፤ ከጅማ ሆኖ የተጻፈ

የታሪክ ተማሪ «ምንጭ» የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቡ የሚመጣው የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የገዳም ብራና፣ የመንግሥታት የውል ሰነድና የግምጃ ቤት መዝገብ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ሲጻፉ ለኋላ ትውልድ እንዲቀመጡ ታስቦ ነውና። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሌላ፣ ማንም ይቀመጥ ብሎ ያላሰበው፣ ተነቦና ተስቆበት እንዲጣል የታተመ ወረቀት አለ። የእንግሊዝ አገር ልጆች በየሳምንቱ በጥቂት ሳንቲም ይገዟቸው የነበሩት የሥዕል ጋዜጦችና በየገናው በስጦታ ይቀበሏቸው የነበሩት የዓመት መጻሕፍት ከዚህ ወገን ናቸው።

ዛሬ እነዚህን አሮጌ ወረቀቶች የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገሩ ከውጭ ሲታይ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የመሰብሰቡ ደስታና ለታሪክ የሚሰጠው ጥቅም ሁለት ሳይሆኑ አንድ ነገር መሆናቸውን ማሳየት ነው። ከዚያም ቡና አብቃይ በሆኑት በጅማና በአካባቢዋ ከተሞች ያደግን ተማሪዎች ከዚህ የባዕድ አገር ልማድ ምን ልንማር እንደምንችል እመረምራለሁ። አቆጣጠሩ እንዳይደባለቅ የኤውሮፓው ዘመን እ.ኤ.አ.፣ የእኛው ደግሞ ዓ.ም. በሚል ምልክት ተለይቷል።

፩፤ አመጣጣቸው

እንግሊዞች ኮሚክ የሚሉት በርካሽ ወረቀት ታትሞ በየሳምንቱ የሚወጣ፣ ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚናገር የልጆች ጋዜጣ ነው። አኑዋል የሚሉት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ በወፍራም ሽፋን የሚወጣ መጽሐፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን የሥዕል ጋዜጣ፣ ሁለተኛውን የዓመት መጽሐፍ እላቸዋለሁ።

በእንግሊዝ አገር ትምህርት እየተስፋፋ ሄዶ ማንበብ የሚችሉ የድኻ ልጆች ቁጥር በበዛ ጊዜ፣ አንዳንድ አታሚዎች የሽፍታና የነፍሰ ገዳይ ታሪክ በአንድ ፔኒ እየሸጡ ይበለጽጉ ጀመር። ይህንን ለመቋቋም ሪሊጅየስ ትራክት ሶሳይቲ የተባለው የሃይማኖት መጻሕፍት ማኅበር በጃንዋሪ 1879 እ.ኤ.አ. «ቦይስ ኦውን ፔፐር» የተባለውን ሳምንታዊ መጽሔት አወጣ። አዘጋጆቹ ብልኆች ስለ ነበሩ ስብከቱን አሳንሰው ጀብዱውን፣ ስፖርቱንና የተፈጥሮ ጥናቱን አበዙት። መጽሔቱም እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ቆየ። የዓመቱ ቅጾች ተሰብስበው በአንድ ሽፋን ሲጠረዙ የዓመት መጽሐፍ ይሆኑ ነበር፤ የዓመት መጽሐፍ አንዱ መነሻም ይኸው ነው። ኋላ ግን ራሱን ችሎ የሚዘጋጅ፣ ከገና በፊት ባሉት ወራት ለስጦታ የሚሸጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም የመጪውን ዓመት ቁጥር የሚይዝ መጽሐፍ ሆነ።

ለሥዕል ጋዜጣው መስፋፋት ደግሞ ትልቁ ምክንያት ዋጋ ነው። አልፍሬድ ሃርምስወርዝ በ1890 እ.ኤ.አ. «ኮሚክ ከትስ» የተባለውን ጋዜጣ ሲያወጣ፣ ሌሎቹ አንድ ፔኒ የሚሸጡትን በግማሽ ፔኒ ሸጠው። ከዚህ በኋላ ለልጅ የሚሆን የሥዕል ቀልድ የማንኛውም ሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ ሊገዛው የሚችል ነገር ሆነ። በስኮትላንድ አገር በዳንዲ ከተማ የሚገኘው የዲ.ሲ. ቶምሰን ድርጅት በዲሴምበር 1937 እ.ኤ.አ. «ዳንዲ» የተባለውን፣ በጁላይ 1938 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ቢኖ» የተባለውን ጋዜጣ እያንዳንዳቸውን በሁለት ፔኒ ለገበያ አቀረበ። «ዳንዲ» በወረቀት መታተሙ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲቀር «ቢኖ» ዛሬም ይታተማል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ የሚመጡ አስፈሪ የሥዕል ታሪኮች የእንግሊዝን ወላጆችና መምህራን እጅግ አሳስበው ነበር። ማርከስ ሞሪስ የተባለ የአንግሊካን ቄስ ከሠዓሊው ከፍራንክ ሃምፕሰን ጋር ሆኖ በኤፕሪል 1950 እ.ኤ.አ. «ኢግል» የተባለውን ባለ ቀለም ጋዜጣ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 900,000 ቅጂ ተሸጠ። የእንግሊዝ ፓርላማም በ1955 እ.ኤ.አ. ለልጆች ጎጂ የሆኑ ኅትመቶችን የሚከለክል ሕግ አወጣ። እንግዲህ ከ1879 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ድረስ ክርክሩ ያው ነው፤ ለልጅ መጥፎ የሚባለውን ንባብ የሚያሸንፈው ክልከላ ነው ወይስ የተሻለ ንባብ? ይህ ጥያቄ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግን ሁሉ የታወቀ ነው።

፪፤ የሰብሳቢው ደስታ

የመጀመሪያው ደስታ ዕድሜን መርምሮ የማግኘት ደስታ ነው። የ«ቢኖ» የዓመት መጽሐፍ ለብዙ ጊዜ በሽፋኑ ላይ የዓመት ቁጥር አልነበረበትም። ስለዚህ ሰብሳቢው ዘመኑን ለማወቅ በሽፋኑ ሥዕል፣ በውስጡ በሚገኙት ባለታሪኮች፣ በወረቀቱ ዐይነትና በዋጋው ምልክት መመራት አለበት። ለምሳሌ እንግሊዞች ሺሊንግን ትተው አንዱን ፓውንድ በመቶ ፔንስ መቁጠር የጀመሩት በፌብሩዋሪ 1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዋጋው በሺሊንግ ብቻ የተመለከተ መጽሐፍ ስንይዝ ከዚያ በፊት የታተመ መሆኑን ለመገመት አንቸገርም። ይህ ሥራ ሊቃውንት ዘመን ያልተጻፈበትን ብራና በፊደሉ አጣጣል ዕድሜውን ከሚገምቱበት ጥበብ ጋር ዝምድና አለው። ልዩነቱ፣ ይኸኛውን ማንም ተማሪ ባለችው ጥቂት ገንዘብ ሊለማመደው መቻሉ ነው።

ሁለተኛው ደስታ ታላቅ ታሪክን በትንሽ ነገር ላይ በጣት መዳሰስ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ወረቀት በራሽን ሆነ። ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሳምንቱ ይወጣ የነበረው «ማግኔት» የተባለ የወንዶች ልጆች ጋዜጣ በሜይ 1940 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። «ዳንዲ» እና «ቢኖ» ግን ገጻቸውን ቀንሰው፣ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በየሳምንቱ መውጣታቸው ቀርቶ አንዱ በዚህ ሳምንት ሌላው በሚቀጥለው እየተፈራረቁ በመውጣት ጦርነቱን ዘለቁት። የእነዚያን ዓመታት ቅጾች በተራ ደርድሮ የሚያገላብጥ ሰው የጦርነቱን ክብደት ከወረቀቱ መሳሳት ያውቀዋል።

በዚያው ጊዜ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ሥራ እንዲውል ከየቤቱ ይሰበሰብ ስለ ነበር፣ ልጆች ያጠራቀሟቸው ቅጾች እንደገና ወረቀት ለመሆን ተፈጩ። የዛሬው ውድነት ምንጩ ይህ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ የ«ዳንዲ» የመጀመሪያ ቁጥር አብሮት ይሰጥ ከነበረው የልጅ ፊሽካ ጋር በጨረታ ቀርቦ በ20,350 ፓውንድ ተሸጠ። ሁለት ፔኒ የነበረውን ወረቀት ለዚህ ዋጋ ያበቃው ሁሉም ሰው የጣለው መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ደስታ የማያውቁትን ልጅ መተዋወቅ ነው። በአሮጌ የዓመት መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የልጁ ስም፣ የሰጪው ዘመድና የገናው ዓመት በእጅ ጽሕፈት ይገኛል። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ከባሕር ማዶ በእርዳታ የተላኩ እንዲህ ያሉ ጥቂት መጻሕፍት ነበሩ። ኋላም በአዲስ አበባ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች እየገዛሁ ያጠራቀምኳቸው ከሃያ አይበልጡም፤ ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የልጅ እጅ አለባቸው።

በዚህ ነጥብ ላይ የገበያው ፍርድና የታሪክ ፍርድ ይለያያሉ። «ሩፐርት» በተባለው ድብ ስም በሚታወቁት የዓመት መጻሕፍት ውስጥ፣ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት፣ በውኃ ብቻ የራሰ ብሩሽ ሲነካቸው ቀለማቸው በራሱ የሚወጣ ገጾች ነበሩ። በገበያ ላይ ውድ የሚሆነው እነዚህ ገጾች ያልተነኩበት ቅጂ ነው። ለታሪክ ተማሪ ግን የተቀባው ገጽ የበለጠ ይናገራል፤ አንድ ልጅ በአንድ የገና ዕለት በዚያ ገጽ ላይ መደሰቱን የሚመሰክረው እርሱ ነውና።

፫፤ እኛ በዚያ ሥዕል ውስጥ

ጆርጅ ኦርዌል የተባለው የእንግሊዝ ደራሲ በማርች 1940 እ.ኤ.አ. ስለ ወንዶች ልጆች ሳምንታዊ ጋዜጦች አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ አንድ ሕዝብ በእርግጥ የሚያስበው በታላላቅ መጻሕፍቱ ሳይሆን በየመንደሩ ሱቅ በሚሸጠው ርካሽ ንባብ ይታወቃል የሚል ነው። ይህን መስፈርት ይዘን ስንነሣ፣ ከኢትዮጵያ የሆነ አንባቢ ከደስታው ጎን አንድ መራራ ነገር ማግኘቱ አይቀርም።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከጦሩ ጋር ከተጓዙት የጋዜጣ ወኪሎች አንዱ ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ ነበረ። ዜናውን «ስታንዳርድ» ለተባለው የሎንዶን ጋዜጣ ከላከ በኋላ ስለ ዘመቻው መጽሐፍ አሳተመ። ይኸው ሰው ኋላ ለወንዶች ልጆች የጀብዱ ልብ ወለድ በመጻፍ ስሙ ገነነ፤ ከ1880 እስከ 1883 እ.ኤ.አ. ድረስም «ዩንየን ጃክ» የተባለውን የልጆች መጽሔት አዘጋጀ። እንግዲህ ተራሮቻችንን ከዘማቹ ጦር ጎን ሆኖ ያየ ዐይን፣ ኋላ ለእንግሊዝ ልጆች ዓለምን እንዴት እንደሚያዩ አስተማራቸው ማለት ነው።

ያው ዘመቻ የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ወደ እንግሊዝ አገር አስኬደው። ልዑሉ በቸልትንሃም፣ ቀጥሎም በራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ። ራግቢ ማለት ቶማስ ህዩዝ በ1857 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ለኋለኞቹ የተማሪ ቤት ታሪኮች ሁሉ አርአያ የሆነው የቶም ብራውን ታሪክ የተፈጸመበት ትምህርት ቤት ነው። ልዑል ዓለማየሁ በኖቬምበር 1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ በሊድስ ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ። «ቦይስ ኦውን ፔፐር» የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። የሁለቱን መገጣጠም ከአጋጣሚ በላይ ትርጉም አልሰጠውም። ነገር ግን የእነዚህ ጋዜጦች ልብ በሆነው በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ በእርግጥ ኖሮ፣ ተማሮና አዝኖ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

በጋዜጦቹ ሥዕል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም። በ«ማግኔት» ታሪኮች ውስጥ የነበረው የሕንድ መስፍን ልጅ ጀግናና ታማኝ ጓደኛ ሆኖ ቢሣልም፣ እንግሊዝኛው እንዲያስቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው። «ቢኖ» በጀመረባቸው ዓመታት በስሙ አጠገብ ይታይ የነበረው ሐብሐብ የሚበላ ጥቁር ልጅ ነበር፤ የተሣለውም ለማላገጫ ነው። ይህንን ያየ ሰው ወረቀቱን ቀዶ ሊጥለው ይፈልግ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ስድቡን የያዘው ወረቀት ሊጠበቅ ይገባዋል። የዚያን ዘመን የኤውሮፓ ዲፕሎማቶች በጨዋ ቃል የጻፉትን ሰነድ የሚያነብ የታሪክ ጸሐፊ፣ እነዚሁ ሰዎች በሕፃንነታቸው ምን እየሣቁ እንዳደጉ ካላወቀ የሰነዱን ግማሽ ብቻ ነው የሚያነበው።

፬፤ የሥዕል ተረት በአገራችን

ይህ ሁሉ ሲባል ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መናገር ከውጭ የመጣልን ነገር ነው ማለት አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ገድልና የእመቤታችን ተአምራት በተራ ተሥለው ይታያሉ። በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ በአዲስ አበባ የነበሩ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በሸራ ላይ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል እየከፋፈሉ፣ ለየክፍሉም በአማርኛ አጭር ጽሑፍ እየጨመሩ ለውጭ አገር ጎብኚዎች ይሸጡ ነበር። ሥዕሉ እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል።

በዚህ በኩል ከእንግሊዝ ጋዜጦች ውስጥ ለእኛ ሥዕል ቅርብ የሚሆነው «ሩፐርት» ነው። በ«ሩፐርት» የዓመት መጽሐፍ ውስጥ ባለታሪኩ የሚናገረው ከአፉ በሚወጣ የአረፋ ቅርጽ ውስጥ አይጻፍም። ከገጹ በላይ አርእስት አለ፤ ከሥዕሉ በታች ሁለት ስንኝ ግጥም፣ ከግጥሙም በታች ሰፋ ያለ ዝርው ጽሑፍ ይገኛል። ማንበብ ያልጀመረው ሕፃን ሥዕሉን፣ የጀመረው ግጥሙን፣ የተካነው ዝርዝሩን እያነበበ አንዱን መጽሐፍ ሦስት ወንድማማች በየዕድሜያቸው ይካፈሉታል። በጣልያን አገር ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው «ኮሪየሬ ዴይ ፒኮሊ» የተባለው የልጆች ጋዜጣም ከሥዕሉ በታች ግጥም ያደርግ ነበር።

ልዩነቱ ያለው በአቀማመጡ ነው። የሳባን ሥዕል የውጭ አገር ሰው ገዝቶ በግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪም የአገራችንን ሥዕሎች እየገዙ ሰበሰቡ፤ ይህም ስብስብ ኋላ ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም መሠረት ሆነ። በመሆኑም ሥዕሉ ጠባቂ አገኘ። የልጆቻችን የማንበቢያ ወረቀት ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላጋጠመውም። አሁን ወደ ጅማ የምመለሰው ይህንን ለማስረዳት ነው።

፭፤ የጅማና የቡና ከተሞች ወረቀት

ወረቀት የሚጓዘው በንግድ መንገድ ነው። የምዕራቡ ቡና ከጎሬና ከአካባቢዋ በበቅሎ ወርዶ በጋምቤላ ወደብ በባሮ ወንዝ መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ በነበረ ጊዜ፣ ጨርቅና ጨው በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውል መሠረት የተመሠረተው የእንግሊዞች የጋምቤላ ንግድ ጣቢያ እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጅማ ከስድስቱ ታላላቅ ግዛቶች የአንዱ ዋና ከተማ ነበረች። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በየጊዜው የመጣው ሁሉ የራሱን ወረቀት ይዞ መጣ።

የአገራችንም ኅትመት እንዲሁ በየዘመኑ ጨመረ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ከነበረው «አእምሮ» ጋዜጣ ተነሥቶ፣ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»፣ በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ወጡ። በወረራው ዘመን በአማርኛ ይታተም የነበረው «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» ደግሞ ማንም በፍቅር የሚያስቀምጠው ወረቀት አልነበረም፤ ዛሬ ግን የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያለ እርሱ ሊሠራ አይችልም።

ወደ ልጆች ንባብ ስንመጣ፣ የዚህ አካባቢ ታሪክ ከአንዲት ሰብሳቢ ይጀምራል። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት የነበረች፣ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ ስትጓዝ በ1886 እ.ኤ.አ. በጣልያን መርከብ ነጻ የወጣች ሴት ናት። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በዚያም ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች አምስት መቶ ያህል ጻፈች። ብዙዎቹ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት፣ በ1894 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ማንበብ መጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የዛሬው የሊሙ ገነት ቡና ነጋዴ ልጅ በአያቶቹ አገር የተነገረውን ተረት በኅትመት ሊያገኝ የቻለው፣ አንዲት ሴት በስደት ላይ ሆና ተራ ነገር ሳትንቅ ስለ ሰበሰበች ነው።

ከዚህ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ተጀመረ። ትምህርቱ የተሰጠው በ15 ቋንቋዎች ሲሆን የኦሮምኛው መማሪያ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ «በሪሳ» የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣም በመጀመሪያ በዚሁ ፊደል ይወጣ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። በዚያ ጊዜ ቀደም ብለው የታተሙት መማሪያዎች ሁሉ ከሥራ ውጭ ሆኑ። የተወሰነው ነገር ትክክል ነው አይደለም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዬ ወረቀቱ ወዴት ሄደ የሚለው ነው።

መልሱን በየሱቁ ያደግን ሁሉ እናውቀዋለን። ፌስታል ከመብዛቱ በፊት ስኳሩም፣ በርበሬውም፣ ቆሎውም የሚጠቀለለው በአሮጌ ደብተርና በጋዜጣ ነበር። የተረፈው እሳት ማቀጣጠያ ሆነ፤ ወይም በጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያም ያመለጠውን ቡናችንን የሚያበቅለው እርጥበት አሻገተው፤ ምስጥም በላው። በእንግሊዝ አገር ጦርነቱ በልጆች ጋዜጣ ላይ ያደረሰውን፣ በእኛ ዘንድ ችግርና ክረምት አደረሱት። በእንግሊዝ አገር ግን ከእሳትና ከወፍጮ የተረፈችውን ጥቂት ቅጂ የሚፈልግ ሰብሳቢ ስለ ተነሣ ታሪኩ ዳነ።

የጅማ ሰው ንብረት መጠበቅ አያውቅም ማለት አይቻልም። በጅማና በአካባቢዋ የሚኖሩ የሊቃውንት ቤተሰቦች በዐረብኛና በዐረብ ፊደል በኦሮምኛ የተጻፉ የእጅ ጽሑፎችን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ጠብቀዋል። የዳግማዊ አባ ጅፋር ንብረትም በጅማ ሙዚየም ይታያል። የንጉሥ ዙፋንና የሸኽ ኪታብ ክብራቸው ስለሚታወቅ ጠባቂ አላቸው። አባት በግዕዝ ፊደል፣ ልጅ በቁቤ ማንበብ በተማሩበት በአንድ የአጋሮ ቤት ውስጥ ግን የዚያን ለውጥ ታሪክ የሚናገረው ዙፋን ሳይሆን ሽፋኑ የተገነጠለ የሃምሳ ሳንቲም መማሪያ ነው። ይህ መማሪያ ክብር የለውም፤ ስለዚህ ጠባቂም የለውም።

፮፤ ምን እናድርግ?

ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. «ዝክረ ነገር»ን ሲያሳትሙ፣ የተበታተኑትን የመንግሥት ትእዛዞች፣ የመሬትና የግብር ሥርዓቶች በአንድ መጽሐፍ አጠራቀሙ። ዛሬ ስለ ምኒልክ ዘመን አስተዳደር የሚጽፍ ማንም ሰው ያንን መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም። እርሳቸው ለመንግሥት ወረቀት ያደረጉትን ለልጅ ወረቀት ማድረግ የተማሪ አቅም የሚፈቅደው ነው።

ሥራው ቀላል ነው። የሚሰበሰበው ነገር የመሠረተ ትምህርት መማሪያ፣ አሮጌ የንባብ መጽሐፍ፣ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ በሪሳና አዲስ ዘመን፣ የሚሲዮን የመዝሙር ወረቀትና ልጆች ሥዕል የሣሉበት ደብተር ነው። ከእንግሊዞቹ ሰብሳቢዎች የምንወስደው ትምህርት ደግሞ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ወረቀቱን ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቆ ጠፍጣፋ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የዛገውን ሽቦ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ የተቀደደውንም በሙጫ ፕላስተር አለመለጠፍ፤ ፕላስተሩ ቆይቶ ወረቀቱን ያበላሸዋልና። ሁለተኛ፣ ዘመን ያልተጻፈበትን በዋጋው፣ በማተሚያ ቤቱ ስምና በሥዕሉ መርምሮ ዘመኑን መገመት። ሦስተኛ፣ የተጻፈበትንና የተሣለበትን ገጽ ቆሽሿል ብሎ አለመናቅ። የተገኘበትን ከተማና ማን ይማርበት እንደ ነበረ በተለየ ወረቀት ላይ ጽፎ አብሮ ማኖርም ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ስብስቡ ክምር ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰርቦ፣ ከየቡ፣ ከበደሌና ከቦንጋ የምንመጣ ሁሉ ወላጆቻችንንና ጎረቤቶቻችንን ማንበብ የተማሩበትን መጽሐፍ እንጠይቅ። ሊሰጡን ቢፈቅዱ በምስጋና እንቀበል፤ ባይፈቅዱ የሽፋኑንና የመጀመሪያ ገጾቹን ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ስለ መጽሐፉ የሚያስታውሱትን እንጻፍ። የተከበሩ መምህራኖቻችንም ለዚህ አንድ ደረቅ መደርደሪያ እንዲፈቅዱልን እንለምናለን። በ1971 ዓ.ም. በሠላሳ ዓመቱ ፊደል የቆጠረ ገበሬ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። መጽሐፉ ቢገኝ እንኳ፣ በየትኛው ገጽ ላይ እንደ ተቸገረና በየትኛው እንደ ሣቀ የሚነግረን ሰው ለብዙ ክረምት አይጠብቀንም።